«የምላጭ አለርጂ» የምትሉት ነገር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዱ ቴሌግራም ላይ «ምላጭ አለርጂ ለሆነባችሁ» ብሎ ጀመረና መፍትሔው አልኮል ነው፣ ካልሆነ ሎሚ እሹበት፣ እሱም እምቢ ካለ ባለአምስት ስለት ምላጭ ግዙ ብሎ ጨረሰ። ብዙ ሰው አመሰገነው። እኔ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ። ምክሩን ሰምቶ የሞከረው ሰው ቆይቶ የሚመጣው እኛ ጋ ነዋ፤ አገጩ ሥር ጎርበጥባጣ ሆኖ፣ ጠቁሮ፣ በላዩ ላይ በሎሚ ተቃጥሎ።

እዚህ አዳማ በዚህ ጉዳይ የሚመጣውን ሰው ገና በር ላይ ሳየው ሥራውን እገምታለሁ። የሆቴል አስተናጋጅ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ ፖሊስ። ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ሥራ መግባት ያለበት ወንድ ሞልቷል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ቆዳዬ ምላጭ አይስማማውም።»

ነገሩ አለርጂ አይደለም። ሲጀምር ኢንፌክሽንም አይደለም። የሚወጋህ የገዛ ጺምህ ነው። በሕክምናው ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይባላል፤ ስሙን ባትይዘው ግድ የለም፣ አሠራሩን ግን ያዝልኝ።

የብዙዎቻችን ጺም ጥቅልል ነው። ቆዳ ውስጥ ያለው ሥሩ ራሱ ጎበጥ ያለ ነው። ምላጭ ሲያልፍበት ጫፉ በሰያፍ ተቆርጦ ሹል ይሆናል። ጺም በቀን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ስለዚህ በሁለት በሦስት ቀን ሹሉ ጫፍ ይጎብጥና ከወጣበት ቀዳዳ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ቆዳው ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት ቆዳ ሥር ያገኘውን ፀጉር የራሴ ነው ብሎ አያልፈውም። ባዕድ ነገር ገባብኝ ብሎ ይዋጋዋል። እብጠቱ፣ ማሳከኩ፣ በኋላም ጥቁረቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛ መንገድም አለ፣ ቴሌግራም ላይ ያለው ሰውዬ ያበሳጨኝ በተለይ በዚህ ነው። ቆዳህን ወጥረህ ስትላጭ፣ ወይም ስለተ ብዙ ምላጭ ስትጠቀም፣ የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል፣ ተከታዩ ይቆርጠዋል። ከዚያ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ ይመለስና ከቆዳው በታች ይቀራል። እጅህን ስታሳልፍበት ልስልስ ያለው ለዚያ ነው። ማደግ ሲጀምር ግን በቀዳዳው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ የቀዳዳውን ግድግዳ ከውስጥ ወግቶ ይሄዳል። ጂሌት ባለሁለት ስለቱን እ.ኤ.አ. በ1971፣ ባለአምስቱን በ2006 ሲያወጣ አጥብቆ የሚላጭ ምላጭ ነው ብሎ ነው የሸጠው፣ አልዋሸም። ሥራውን በደንብ ይሠራል። ጥቅልል ጺም ላለው ሰው ችግሩም እሱ ነው።

ወንጂ ሄዶ የሸንኮራ ማሳ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። በሰያፍ የተቆረጠ የሸንኮራ ጉቶ ባዶ እግሩን የገባን ሰው ይወጋል። ጺምም እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ ጉቶው ራሱ ጎብጦ መሬቱን መልሶ መውጋቱ ነው። ቆራጮቹ ከመሬት እኩል አድርገው የሚቆርጡት ምክንያት አላቸው፤ ስኳሩ የሚበዛው ከታች በኩል ነው። አንተ አገጭህ ሥር ምን ስኳር ቀብረህ ነው ከመሬት በታች የምትወርደው? ደግሞ ማሳው ላይ እሳት የሚለቀቀው ከመቆረጡ በፊት ነው፣ ቅጠሉ እንዲራገፍ። የኛ ሰው ከቆረጠ በኋላ ነው በአልኮል የሚያቃጥለው። ንጽጽሩ ውሃ ላይ ሲደርስ ግን ይገለበጣል። ሸንኮራ ሊቆረጥ ሲል ውሃ ይቋረጥበታል፤ ጺም ደግሞ ውሃ አጥብቆ የሚፈልገው ሊቆረጥ ሲል ነው።

«ታዲያ አልኮል ሳደርግበት ለምን ይሻለኛል?» የሚል አይጠፋም። ማቃጠሉ እየሠራ ነው ያሰኛል እንጂ፣ አልኮል ቆዳው ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል፣ የተቀበረ ፀጉር አያወጣም። እብጠቱ የቀነሰው በራሱ ጊዜ ነው። አልኮሉ ያተረፈልህ የደረቀ ቆዳ ነው፣ የደረቀ ቆዳ ደግሞ በማግስቱ ምላጭ ሲያርፍበት ይብሳል። ሎሚውማ አይነሳ። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ አንዳንዴ ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁረቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። በአዳማ ፀሐይ ሎሚ ተቀብቶ መውጣት!

ሌላው ደግሞ እዚያው ቴሌግራም ላይ «የውሃችን ፍሎራይድ ነው» ብሎ መለሰለት። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ መብዛቱ እውነት ነው፣ ወንጂ አካባቢ ጥርስ ሲያበልዝ ኖሯል። አገጭ ላይ እብጠት አያወጣም። «ማሽን ነው ያስያዘኝ» የሚለውም ብዙ ነው። ከፀጉር ቤት የሚይዝ ነገር አለ፣ ለምሳሌ ጭርት፤ እሱ ግን ክብ እየሠራ፣ እየፈረፈረ የሚሰፋ ነው፣ ጠጠር የመሰለ እብጠት አይደለም።

ለመለየት ቀኑን ቁጠር። ተላጭተህ ደቂቃዎች ሳይቆዩ የቀላና የለበለበህ ከሆነ ምላጩ የላይኛውን ቆዳ ፍቆታል ማለት ነው፣ በሰዓታት ቢበዛ በሁለት በሦስት ቀን ይጠፋል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ጠጠር ጠጠር ያለ እብጠት ካወጣ፣ በተለይ አንገትና አገጭ ሥር ጺሙ አቅጣጫ በሚያምታታበት ቦታ፣ ያ ሱዶፎሊኩላይቲስ ነው። እውነተኛ አለርጂም በቀን በሁለት ቀን ሊመጣ ይችላል፣ እሱን የሚያጋልጠው ቦታው ነው። አረፋው ወይም አፍተር ሼቩ የደረሰበት ሁሉ ሽፍ ይላል፣ ጆሮ ሥርም ቢሆን፣ ጺም የሌለበት ጉንጭም ቢሆን። ያኔም ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሽቶው ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። በየፀጉሩ ሥር መግል ከያዘና ከሰፋ፣ ትኩሳት ከጨመረ፣ ባክቴሪያ ገብቶበታልና ሐኪም ይየው።

ክፍላችን ውስጥ በአጉሊ መነጽር ሳሳያቸው ነው ብዙዎቹ የሚያምኑት። እብጠቱ ላይ ጥቁር ቅስት ትታያለች፣ ሁለቱም ጫፏ ቆዳ ውስጥ የገባ። በንጹሕ መርፌ ሥሯ ገብቼ ቀስ ብዬ ቀና ሳደርጋት አንዱ ጫፍ ተፈትልኮ ይወጣል፣ ሹልነቱ በዓይን ይታያል። እዚያ ላይ አቆማለሁ። አልነቅላትም። የተነቀለ ፀጉር ከሥሩ እንደ አዲስ ሲበቅል መውጫው ላይ ሳይደርስ ከውስጥ ሊወጋ ይችላል። ይህን ስናገር የአገጭ ፀጉራቸውን በወረንጦ የሚነቅሉ ሴቶች ላይም ያው እብጠት እንደማይ ልብ በሉልኝ። ፀጉሩ ከወር አበባ መዛባት ጋር የመጣ ከሆነ ደግሞ ሆርሞን መታየት አለበት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

አሁን በየቀኑ መላጨት ግዴታህ ነው እንበል። ግብህ ሙልጭ ማለት መሆኑ ይቅር፣ ዋናው ይሄ ነው። ገላህን ከታጠብክ በኋላ ተላጭ፣ ወይም ለብ ባለ ውሃ የራሰ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዝበት፤ ውሃ የጠጣ ፀጉር ለመቆረጥ የሚፈልገው ጉልበት በጣም ያነሰ ነው። አረፋው ሽቶ የሌለው ይሁን። ባለ አንድ ስለት ምላጭ ይበቃሃል፣ በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ምላጭ በመያዣው እንኳ። አትጫነው፣ የራሱ ክብደት ይሠራል። ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ። አንገት ላይ ጺም አንዱ ጎን ወደ ታች ሌላው ወደ ጎን ስለሚሄድ አስቀድመህ በጣትህ ዳብሰው፤ ጣትህን የማይቧጥጥበት አቅጣጫ እሱ ነው። ቆዳህን አትወጥር። በአንድ ቦታ ሳታረፋበት ደግመህ አትሂድበት። ፀጉር ቤት ስትሄድም «ወደ ላይ ልጨርስልህ?» ሲልህ እምቢ በለው፣ ቅር ይለዋል፣ ይበለው። ስትጨርስ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ፣ ሽቶ የሌለው ቅባት። ሌላ የለም።

ሰው የማያምነኝ አንድ ነገር አለ፦ አቅጣጫውን ጠብቆ ሳይጫን በየቀኑ የሚላጭ ሰው፣ በሳምንት ሁለቴ አጥብቆ ከሚላጨው ሊሻለው ይችላል። ፀጉሩ ጎብጦ ለመመለስ የሚበቃ ርዝመት ሳያገኝ ይቆረጣላ። መጥፎው ጊዜ ያ ሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ማሽን ነው። 1 ሚሊ ሜትር ያህል ጺም ትቶ የሚያልፍ ማሽን፤ ፊትን ያጸዳል፣ ሹል ጉቶ ቆዳ ሥር አይቀብርም። እብጠቱ አሁን ከበዛብህ ደግሞ ምላጩን ለአንድ ወር ያህል ተወው። የመጀመሪያው ሳምንት ይብሳል፣ አትደንግጥ፤ የተቀበሩት ሲረዝሙ ራሳቸው ተስፈንጥረው ይወጣሉ። አለቃህ ካስቸገረ የሐኪም ወረቀት ጠይቅ። የአሜሪካ ጦር እንኳ ለአሥርት ዓመታት ይህ ችግር ላለባቸው ወታደሮች በሐኪም ወረቀት ጺማቸውን አሳጥረው እንዲያቆዩ ሲፈቅድ ኖሯል፤ ደንቡን ያጠበቀው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

ያልተጠየቅኩትን ልጨምርና ላብቃ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የሚባለው ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ከፋርማሲ ገዝተህ በየቀኑ ፊትህን አትቀባ። እብጠቱን ለጥቂት ቀን ያስተኛዋል፣ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ብጉር ይጨምርበታል፣ ለማቆም ስትሞክር ይነሳብሃል። ምላጭ አትዋስ፣ ለወንድምህም ቢሆን፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ሌዘር ጥሩ አማራጭ ነው፣ ለጠይም ቆዳ ግን ማሽኑ ኤንዲ ያግ የሚባለው ባለ 1064 ናኖ ሜትሩ መሆኑን ጠይቅ፣ በአጭር ሞገድ የሚሠሩት ሊያቃጥሉህ ይችላሉ። ማጅራትህን ዜሮ የምታስላጭም ካለህ፣ እዚያ ላይ የሚወጣውን ጠጠር አትናቀው። ጠንክሮ፣ ፀጉር አልባ ሆኖ ማደግ ከጀመረ ወደ ኬሎይድ የሚሄድ ጠባሳ ነውና ትንሽ ሳለ ና፤ ያኔ በመርፌ መድኃኒት ማስታገሱ ይቀላል፣ ካደገ በኋላ ግን ቢቆረጥም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።