ያለ ቤተ ሙከራም ይሞከራል፦ ስለ ተግባር ትምህርት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቤተ ሙከራ ስለሌለን በተግባር ማስተማር አንችልም።» በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው ይህ ነው። የተሟላ ቤተ ሙከራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እስኪሟላ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግን ተገቢ አይደለም። በአንድ ሜትር ክር ጫፍ ትንሽ ድንጋይ አስራችሁ አንጠልጥሉ፤ ፔንዱለም ሆነ። አንድ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ከመለካታቸው በፊት ተማሪዎቹን «ድንጋዩ ቢከብድ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍሉ በክርክር ይሞላል። ክብደቱ ጊዜውን እንደማይለውጠው፣ ክሩን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ግን በግማሽ እንደሚቀንሰው ራሳቸው ለክተው ሲያዩ ሰሌዳው ላይ ያለው ቀመር ነፍስ ይዘራል። ለኬሚስትሪ ደግሞ እርድ አለ፦ የሳሙና ውሃ ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፣ ሎሚ ሲጨመርበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። አልጫ ወጥ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታሽ እንደሚቀላ እናቶቻችን ያውቁታል፤ ስለ አሲድና ቤዝ ማስተማር ከዚያ ቢጀምር ምን ይጎድለዋል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ውጤቱ ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ሙከራው ከሽፏል» የሚለው እምነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ አፍልታችሁ ብትለኩ ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆማል። መጽሐፉ 100 ይላል። ልጁ ዓይኑ ያየውን ትቶ ደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል፤ ማርክ የሚሰጠው ለዚያ እንደሆነ ተምሯልና። ቴርሞሜትሩ አልተሳሳተም፤ መጽሐፉም አልዋሸም። 100 ዲግሪ የባሕር ወለል ልክ ነው፤ ከተማችን ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ሰመራ ላይ ቢለካ ወደ 100 ይጠጋል። ደጋ ላይ ንፍሮ ለመብሰል ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትምህርት አላውቅም። ያቺን 92 አሰርዞ 100 የሚያስጽፍ መምህር የዕለቱን ምርጥ ጥያቄ ከልጁ እጅ ነጥቆታል።

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ሙከራ ምን ይረባል?» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ በአንድ ነገር ላይ አላላክከውም። ነገር ግን «የፔንዱለሙ ክር አራት እጥፍ ቢረዝም ጊዜው ስንት እጥፍ ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ክሩን በእጁ ያሳጠረና ያስረዘመ ልጅ ቀመሩ ቢጠፋበት እንኳ መልሱ አይጠፋበትም።

የተማሪ ብዛትም እንደ ምክንያት ይቀርባል። ክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖረው አምስት አምስት ሲሆኑ 12 ቡድን ናቸው፤ 12 ክርና 12 ድንጋይ ይበቃል። አንዱ ክሩን ይይዛል፣ አንዱ ሰዓት ያያል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አምስተኛው ለክፍሉ ያስረዳል። ኃላፊነቱ በየጊዜው ካልተዘዋወረ ግን ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። እዚህ ላይ መምህሩ ጥብቅ መሆን አለበት፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች ሁልጊዜ ጸሐፊ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ።

ተግባር በቀለም ትምህርት ለደከሙ ነው ሲባል ስሰማ አዝናለሁ። ቀዶ ሐኪሙስ በምኑ ነው የሚሠራው?

ክበባትን ጊዜ ማባከኛ አድርጎ ማየትም ልክ አይደለም። በሚኒ ሚዲያ ዜና የሚያነብ ልጅ በሰው ፊት መናገር ይለማመዳል። የሳይንስ ክበብ ደግሞ በክፍለ ጊዜው ደወል የተቋረጠው ጥያቄ የሚቀጥልበት ቦታ ነው፤ 92 ዲግሪ ያገኘው ልጅ ከሰዓት በኋላ ውሃው ላይ ጨው ጨምሮ የሚለካው እዚያ ነው።