የሞንትጎመሪ አውቶብስ አድማ፦ 381 ቀን ያለ አውቶብስ

የአሜሪካ ጥቁሮች የእኩልነት ትግል ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው፣ ይገባዋልም፣ ግን ኪንግን ለአገር ያስተዋወቀው በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ የተደረገው የአውቶብስ አድማ ነው፣ እሱን ደግሞ ከዓመት በላይ ያቆዩት ምግብ አብሳዮች፣ አስተማሪዎችና ባለ መኪናዎች ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ከተሳፋሪው ከአራት ሦስቱ ጥቁር ነበር። ሆኖም የፊት 10 ወንበሮች ባዶም ቢሆኑ የነጭ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሰው ከፊት ሳንቲሙን ከፍሎ ይወርድና ዞሮ በኋላ በር ይገባል፣ አንዳንዱ ሹፌር ደግሞ ዞሮ ሳይደርስ ጥሎት ይሄዳል።

ማርች 1955 ላይ ክላውዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ አውቶብስ ውስጥ ለነጭ ከወንበሬ አልነሳም ብላ ታሰረች። ዲሴምበር 1 ደግሞ ሮዛ ፓርክስ። ሮዛን ስራ ደክሟት ነው ያልተነሳችው ሲሉ በጣም ያናድደኛል፣ ሴትየዋ እኮ በከተማው የጥቁሮች መብት ማህበር ውስጥ ለዓመታት ፀሃፊ ሆና የሰራች ታጋይ ነች። በዛው ሌሊት የኮሌጅ አስተማሪዋ ጆ አን ሮቢንሰን ሰኞ አውቶብስ አትሳፈሩ የሚል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ስታባዛ አደረች፣ ሰኞ ዲሴምበር 5 አውቶብሶቹ ባዷቸውን ዋሉ፣ ማታ ህዝቡ ቤተክርስቲያን ተሰብስቦ እንቀጥል አለ፣ የ26 ዓመቱ ፓስተር ኪንግም የአድማው ማህበር ሊቀመንበር ሆነ።

መቀጠሉ ነው ከባዱ። መጀመሪያ ጥቁር ታክሲዎች በአውቶብስ ዋጋ በ10 ሳንቲም ሰው ጫኑ፣ ከተማው ከ45 ሳንቲም በታች መጫን ክልክል ነው አለ፣ አድመኞቹም ወደ 300 የሚሆን የግል መኪና አሰባስበው መነሻና መድረሻ አውጥተው የራሳቸውን ትራንስፖርት ዘረጉ። የመኪኖቹ ኢንሹራንስ ሲሰረዝባቸው ከለንደኑ የኢንሹራንስ ገበያ ከሎይድስ ገዙ። የቤንዚኑ ብር ከየት መጣ? ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ አብሳይ ሴቶችን አደራጅታ ዶሮና ኬክ እየሸጡ በየሳምንቱ ያስገቡ ነበር፣ ስራቸውን እንዳያጡ ስማቸው አይነገርም፣ ገንዘቡ ከየት ነው ሲባል "ከየትም አይደለም" ነው መልሱ፣ የቡድኑም ስም ከዚሁ ወጣ። ለኔ የአድማው ልብ ይሄ ነው።

ጃንዋሪ 30, 1956 ሚስቱና ህፃን ልጁ ውስጥ እያሉ የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፣ ከዛ ወደ 90 የሚጠጉ ሰዎች በአድማ ተከሰሱ፣ አድማው ግን አልቆመም። የህጉን ጉዳይ የጨረሰው ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ የያዘው ሌላ ክስ ነው፣ ከሳሾቹ አራት ሴቶች ሲሆኑ ኮልቪን አንዷ ነች። ኖቬምበር 13 የአካባቢው ፍርድ ቤት የመኪናውን ስምሪት ባገደበት በዛው ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶብስ ላይ ዘር መለየት ህገወጥ ነው የሚለውን ውሳኔ አፀና፣ ዲሴምበር 21 ህዝቡ ተሳፍሮ ፊት ተቀመጠ።

ሮዛ ስራዋን አጥታ በ1957 ወደ ዲትሮይት ሄደች። የኮልቪን የልጅነት የወንጀል መዝገብ ደግሞ የተሰረዘላት በ2021 ነው፣ 82 ዓመቷ ነበር።