ሳሎንና የሙዚቃ መሣሪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለሳሎኑ ጥሩ የሙዚቃ መሣሪያ ሊያሟላ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ስፒከር፣ የትኛው አምፕሊፋየር እንደሚሻል ነው፤ የሳሎኑ ርዝመት ስንት ሜትር እንደሆነ ወይም ሶፋው ከግድግዳው ምን ያህል እንደራቀ ግን እምብዛም አያሳስበውም። ከዚህ በታች ከተነሡት አመለካከቶች የሚበዙት የመነጩት ክፍሉን ከሒሳብ ውጪ ከማድረግ ነው።

«ውድ ስፒከር የትም ቢቀመጥ ጥሩ ድምፅ ያወጣል።»

ስፒከሩ የሚያወጣውና ጆሯችን የሚሰማው አንድ አይደሉም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ 34 ኸርዝ (በሰከንድ 34 ንዝረት) ገደማ የሆነ ወፍራም ድምፅ፣ ማለትም ባስ፣ በፊትና በኋላ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል። በዚህም የተነሣ ያ ድምፅ ከግድግዳዎቹ አጠገብ ያብጣል፣ በክፍሉ መካከል ደግሞ ሊጠፋ ጥቂት ይቀረዋል። በ68 ኸርዝም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል፤ ልዩነቱ ድምፁ የሚደክመው ከሁለቱ ግድግዳዎች 1.25 ሜትር ገባ ብሎ መሆኑ ነው። ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ጋር ያጣበቀ ሰው «ባሱ በዛብኝ» ብሎ ስፒከር ቢቀይር አዲሱም ያንኑ ያደርግበታል። ይህን ለማረጋገጥ መለኪያ አያስፈልግም፤ ባስ ጊታር በጉልህ የሚሰማበት ሙዚቃ ከፍቶ ከግድግዳው እስከ ክፍሉ መካከል በዝግታ መራመድ ይበቃል። ሰብዉፈር (ባስን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ያለው ሰው ደግሞ ሰብዉፈሩን እርሱ ራሱ በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጥና በግድግዳው ሥር በጉልበቱ እየዳኸ ባሱ ሳያብጥም ሳይጠፋም የሚሰማበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ካገኘውም በኋላ ሰብዉፈሩን እዚያ ያኖረዋል። ለተመልካች ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

«ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁም በእጥፍ ይጎላል።»

የአምፕሊፋየሩ ኃይል ከ50 ወደ 100 ዋት ሲያድግ የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ይህም የሚሰማ ቢሆንም መጠነኛ ለውጥ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 87 ዴሲቤል ከሚሰጠው ይልቅ መምረጥ አምፕሊፋየሩን በእጥፍ እንደማሳደግ ስለሚቆጠር፣ ዋት ከመቁጠር በፊት ይህን ቁጥር ማየት ይገባል። እንዲህ ሲባል ትርፍ ኃይል ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ከአማካዩ በ20 ዴሲቤል የሚበልጥ የከበሮ ምት ለቅጽበት 100 እጥፍ ኃይል ስለሚፈልግ፣ በ1 ዋት ሲደመጥ የቆየ ሙዚቃ በዚያች ቅጽበት 100 ዋት ይጠይቃል።

«ግድግዳው ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ክፍሉን ያስተካክለዋል።»

ስስ ስፖንጅ፣ ከእርሱም የባሰው የእንቁላል ካርቶን፣ የሚውጠው ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ወደ 3.4 ሜትር ስለሆነ 3 ሴንቲሜትር ስፖንጅ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል፤ ውጤቱም የዘፋኙ ድምፅ የታፈነበት፣ ባሱ ግን እንደ ቀድሞው የሚያጓራበት ክፍል ነው። ሰው ለሚኖርበት ሳሎን የሚሻለው በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ፣ መስኮቱን በከባድ መጋረጃ መሸፈን፣ የጎን ግድግዳውንም ቦታ መርጦ ማከም ነው። ቦታው የሚገኘው በመስታወት ነው፦ አንዱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሌላው መስታወቱን በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትታል፤ የተቀመጠው ሰው ስፒከሩን በመስታወቱ ውስጥ ያየበት ነጥብ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮው የሚመለስበት ነው። መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ እዚያ ቢቆም የሚነጥረውን ድምፅ ይበትነዋል።

«ውድ የስፒከር ገመድ ድምፁን ያጠራዋል።»

5 ሜትር ርዝመትና 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ገመድ ደርሶ መልስ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.07 ኦም ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከ8 ኦም ስፒከር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ልዩነት ሰማሁ የሚል ሰው ይዋሻል አልልም፤ ሆኖም የትኛው ገመድ እንደተሰካ ሳያውቅ፣ የሁለቱም የድምፅ መጠን በመለኪያ ተስተካክሎለት ደግሞ ያዳምጥ፤ ጥቂት ጎላ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የበለጠ የጠራ ይመስላልና።

«ጥራቱ ከሲዲ የሚበልጥ የሙዚቃ ፋይል የግድ ያስፈልጋል።»

በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሚለካ ከ20,000 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ማለትም የሰው ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ ይይዛል። በደንብ ያልተቀረጸን ሙዚቃ ትልቅ ፋይል አያድነውም።

«የማስተካከያ ሶፍትዌር ካለ የክፍሉ ነገር አያሳስብም።»

በማይክሮፎን ለክቶ ድምፁን የሚያስተካክለው ሶፍትዌር በእርግጥ ይጠቅማል፤ እኔም ሰብዉፈር ያለ እርሱ አልጠቀምም። ያበጠውን ባስ ዝቅ ያደርጋል። የጠፋውን ግን አይመልስም፤ ሞገዱ በዚያ ቦታ ራሱን በራሱ ስለሚያጠፋ፣ ኃይል ሲጨመርለት የሚያጠፋውም ሞገድ እኩል ይጨምራል። በሶፍትዌር 10 ዴሲቤል ልሙላ ያለ ሰው አምፕሊፋየሩን በዚያ ድምፅ ላይ 10 እጥፍ ያስጨንቀዋል፤ ሶፋውን ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢስበው ግን የጠፋው ባስ ያለ አንድ ተጨማሪ ዋት ሊመለስ ይችላል።