በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት ምንድን ነው?

ሰዎችን በሚያሳትፍ ምርምር ውስጥ አንድ ሰው ስለ ጥናቱ ዓላማ፣ ስለሚደረግበት ነገር፣ ሊደርስበት ስለሚችለው ጉዳትና ባይፈልግ ያለ አንዳች ቅጣት መተው እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ አስቦበትና ፈቅዶ ሲሳተፍ፣ ፈቃዱ በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በቅጹ ነው፤ ቅጹ ግን የስምምነቱ ማስረጃ እንጂ ስምምነቱ ራሱ አይደለም።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት በቱስኪጊ አካባቢ የተፈጸመው ነው። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ሲከታተል ቆየ፤ ከእነዚህ ውስጥ 399ኙ የቂጥኝ ሕሙማን ነበሩ። የተፈለገው በሽታው ሳይታከም ሲቀር የሚያደርሰውን ማየት ሆኖ ሳለ፣ ለሰዎቹ የተነገራቸው ግን «መጥፎ ደም» አለባችሁ፣ እናክማችኋለን የሚል ነበር። ከጀርባ አጥንታቸው ፈሳሽ በመርፌ ለመቅዳት ሲታሰብ የደረሳቸው ደብዳቤም ምርመራውን ልዩ የነጻ ሕክምና ብሎ ጠርቶ፣ የመጨረሻ ዕድላቸው መሆኑን አሳሰባቸው። የመጡት በገዛ እግራቸው ነው፤ የተስማሙት ግን ለመታከም እንጂ ሳይታከሙ ለመጠናት አልነበረም። ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ከሆነ በኋላ እንኳ እንዳያገኙት ተደረገ። የሚያሳዝነው፣ በ1947 የወጣው፣ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚመለከተው የኑረምበርግ ድንጋጌ የሰው ፈቃድ የግድ እንደሚያስፈልግ በመጀመሪያው አንቀጹ አስፍሮ ነበር። የአገልግሎቱ ሠራተኛ የነበረው ፒተር በክስተን ደጋግሞ ተቃውሞ ሰሚ ሲያጣ ለጋዜጠኛ ነገረ፤ ጋዜጠኛዋ ጂን ሄለር በዜና ወኪሉ በአሶሼትድ ፕሬስ በሐምሌ 1972 ከዘገበች በኋላ ጥናቱ በዚያው ዓመት ቆመ።

በእኛ ዘንድ አስቸጋሪው ይሉኝታ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ደጃቸው ድረስ መጥቶ ሦስት ገጽ በጥድፊያ ሲያነብላቸው፣ አንዲት እናት እንግዳ ላለማሳፈር «እሺ ልጄ፣ ይሁን» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ ያሳርፋሉ። በእኔ እምነት ይህ እሺታ ጨዋነት እንጂ ስምምነት አይደለም። ስለዚህ ጠንቃቃ መረጃ ሰብሳቢ ከአሻራው በፊት «እማማ፣ እስኪ የነገርኩዎትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ይንገሩኝ» ይላል። «እምቢ ብል ጤና ጣቢያ ይከለክሉኛል?» ብለው ከጠየቁት፣ ማብራሪያው ገና አልደረሳቸውምና ቅጹን አጥፎ ከመጀመሪያው ማስረዳት አለበት።