ፋኑን አጥፉትና እንነጋገር

ፋርማሲዬ ከአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ በሰፈሩ ስለ እጅ ላብ እንደኔ የሚጠየቅ ፋርማሲስት ያለ አይመስለኝም። መጠየቁ ባልከፋ። የሚያናድደኝ ተጫዋቾቹ መልሱንም ራሳቸው ይዘው መምጣታቸው ነው፦ «ዶክተር (ዶክተር አይደለሁም)፣ ቤቱ ስለሚሞቅ ነው፤ ፋን ቢገባ ይተወኛል።»

አይተውህም።

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ካፖርቴን እንደለበስኩ አንድ ልጅ ፊፋ ሲጫወት ቆሜ አየሁት። ጨዋታው ፍፁም ቅጣት ምት ላይ ደርሷል። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አነሳው። ሊመታ ሲል እንደገና ጠረገ። ጭኑ ላይ ሁለት እርጥብ ምልክት ቀረ። ግንባሩ ግን ደረቅ ነው። ሙቀት ቢሆን ኖሮ ግንባሩና ጀርባው ይቀድሙ ነበር።

መዳፍን በዋናነት የሚያልበው ስሜት ነው። ስትጨነቅ፣ ስትጓጓ፣ አንጎልህ በነርቭ በኩል የላብ ዕጢዎችን ያዛል። መዳፍና የእግር መርገጫ ላይ ደግሞ እነዚህ ዕጢዎች በብዛት ታጭቀዋል። የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ጣት ላይ የሚታሰረውም ለዚሁ ነው። ፋን የወጣውን ላብ ያደርቅ ይሆናል፤ ትእዛዙን ግን አያስቆምም።

«ፈሪ ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። እኔ ማትሪክ ስፈተን የመልስ ወረቀቱ እንዳይርስ መሐረብ ከእጄ ሥር አነጥፍ ነበር። አባቴም እጁን ሳይጠርግ ሰው አይጨብጥም። እንዲህ ያለ የበዛ የእጅ ላብ በዘር ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመት በፊት ይጀምራል፣ እንቅልፍ ሲወስድህ ይቆማል። ከጀግንነት ጋር ምን አገናኘው?

«ውሃ ላቁም?» ኧረ ጠጣ! የሚቀነሰው ኢነርጂ ድሪንኩ ነው፤ ካፌይን ላብ ያባብሳል።

«የሕፃን ፓውደርስ?» ለጥቂት ደቂቃ። ከዚያ ሊጥ ሆኖ በጆይስቲኩ ቁልፎች መሀል ይገባል። ባለቤቱን ጠይቁት፣ እንባ እየተናነቀው ይነግራችኋል።

«ዲዮዶራንት ቀባሁ፣ አልሠራም።» አይሠራማ! ዲዮዶራንት ጠረን እንጂ ላብ አይከለክልም። የምትፈልገው አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት አንቲፐርስፒራንት፣ ማለትም ላብ ከልካይ ቅባት ነው። አቀባቡንም አብዛኛው ሰው ያበላሸዋል፤ ጌም ሊጀምር ሲል ይለቀልቀዋል። ማታ ነው የሚቀባው። እጅህን ታጠብ፣ በደንብ አድርቅ፣ ቀብተህ ተኛ፣ ጠዋት ታጠበው። እርጥብ እጅ ላይ ከቀባኸው ያቃጥልሃል። ለውጥ እስክታይ በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይበቃል። ቆዳህ ከተቆጣ አሳርፈው።

ይህ ካልሠራ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ። እጅን ውሃ ውስጥ አስነክሮ ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያሳልፍ መሣሪያ አለ፤ ቦቶክስም ለወራት ያደርቃል። ቀዶ ሕክምናው ግን የመጨረሻ ነው፤ እጁ ደርቆለት ጀርባው የሚያልበው ብዙ ነው። አንዱ ስለ መሣሪያው ስነግረው «በሞባይል ቻርጀር ልሥራው?» አለኝ። በእግዜር!

ተኝተህም አንሶላ የሚያርስ ላብ ካለብህ፣ በዚያ ላይ ከከሳህ ወይም ከሳልክ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ቲቢም የእንቅርት ዕጢ ችግርም ሊሆን ስለሚችል ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድ። እኔ ጋ ስለ ጆይስቲክ እያወራህ ጊዜ አትፍጅ።