«ቦት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብላችሁ ቴሌግራም ስትከፍቱ «ቦቱን ስታርት በሉት» ትባላላችሁ። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ክርክር ሲጦፍ «አንተ ቦት ነህ» የሚል አይጠፋም። ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል።

ቦት የ«ሮቦት» ቁራጭ ነው። ሮቦትን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ተውኔት ነው፤ ቃሉን የጠቆመው ግን ወንድሙ ዮሴፍ ሲሆን፣ መነሻው «ሮቦታ» ገባር ለባለርስቱ በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፣ እንደኛ አገር ሁዳድ ማለት ነው።

ዛሬ ቦት የታዘዘውን ራሱ የሚደጋግም ፕሮግራም ነው። የጉግል ቦት ድረ ገጽ እየዞረ ያነባል። የቴሌግራሙ «ስታርት» ስትሉት ይመልሳል፣ መጠሪያውም አብዛኛውን ጊዜ በ«ቦት» ያልቃል። የሚያስቸግረው የሰው ስምና ፎቶ ለጥፎ ያንኑ ኮመንት መቶ ቦታ የሚበትነው ነው። ሐሳቡ ያልጣማችሁን ሰው ሁሉ ግን ቦት አትበሉ፤ ለማንኛውም ቦት ደግሞ በስልካችሁ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ እንዳትሰጡ።