«ድርቅ እንጂ ረሃብ አይደለም»፦ የኢትዮጵያ መንግሥታት ከተጠያቂነት የሚሸሹበት ቋንቋ

ባለፉት 50 በሚበልጡ ዓመታት ኢትዮጵያን የገዙት መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም አይገናኙም። ሕዝብ ሲራብ የሚናገሩት ግን በጣም ይመሳሰላል። ሁሉም «ድርቅ» ማለትን ይመርጣሉ፣ «ረሃብ» ከማለት ይቆጠባሉ። ዝናብ ሲቀር በድርቁ የሚጠየቅ ሰው የለም። ረሃብ ከተባለ ግን እህሉ የት ሄደ፣ ማን ያውቅ ነበር፣ እርዳታው ለምን ዘገየ የሚሉ ጥያቄዎች ይከተላሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የ1965ቱ የወሎ ረሃብ ያሳያል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያንን ዘመን ሲያጠና የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር አመልክቷል። ገበሬው አዝመራው ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ መግዣ ስላጣ እህል ባለበት አገር ተራበ። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተራቡ ሰዎች አውቶቡስ እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። «ዝናብ ጠፋ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እህል የጫነው መኪና በእነዚህ ሰዎች አጠገብ ለምን እንዳለፈ አይነግረንም።

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዋነኛ ስልት ዝምታ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ቢያሳዩም ጉዳዩ በይፋ አልታመነም፤ ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘገባ በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ነው። የሞቱት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታሉ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡን ከሥልጣን አወረደ። ረሃብ መንግሥትን እንደሚጥል ደርግ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ ከ10 ዓመት በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስቆጫል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አደጋውን በ1976 አስታውቆ ለጋሾችን ተማጽኖ ነበር። መስከረም 1977 ላይ ግን አዲስ አበባ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመትና ለገዢው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ አሸብርቃ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚያ በዓል ለሰዓታት ባደረጉት ንግግር ረሃቡ ቦታ አላገኘም ማለት ይቻላል። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ምስል ዝምታውን ሰበረው። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ማብራሪያ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል መፈክር ያሰማ የነበረው ሥርዓት ጥፋቱን ለተፈጥሮ ሰጠ። ረሃቡ እጅግ የጠናው በትግራይና በሰሜን ወሎ፣ ሠራዊቱ በዘመተባቸው ቦታዎች መሆኑ፣ ጦርነቱ እርሻውንና ገበያውን ማናጋቱ ከመግለጫዎቹ ተዘለለ። ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሚገመት ሰው አለቀ።

የመግለጫዎቹን ሰዋስው ልብ ማለት ይጠቅማል። «ችግር ተከስቷል»፣ «ወገኖቻችን ተጎድተዋል»፣ «አስፈላጊው ርብርብ እየተደረገ ነው»፣ «ሁኔታው ከአቅም በላይ አይደለም»። ባለቤት ያለው ግስ የሚመጣው መንግሥት እህል ሲያከፋፍል ብቻ ነው፤ ያኔ «መንግሥት አከፋፈለ» ይባላል። የሚተቸው ሰው ደግሞ እንደየዘመኑ አድሃሪ፣ ፀረ ሕዝብ ወይም ፀረ ሰላም ይባላል፤ ክርክሩም ከእህሉ ወጥቶ ወደ ተናጋሪው ማንነት ይዞራል። የመልክዓ ምድር ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ረሃብ የተፈጥሮ ሳይሆን የማኅበራዊና የፖለቲካ ሥርዓት ውጤት መሆኑን ደጋግመው የተከራከሩት እንዲህ ያለው አነጋገር በሰፈነበት አገር ነው።

«ረሃብ አይደለም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት ግን ፍትሕ አይሆንም። በ2008 ኤልኒኖ ባስከተለው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ቢያስፈልገውም፣ በሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች ምግብ ወይም ገንዘብ በሚሰጠው መርሃ ግብር)፣ በመንግሥት በጀትና በለጋሾች እህል እንደ 1977ቱ ያለ እልቂት አልደረሰም። ዓለም አቀፉ መለኪያም ረሃብ ለማወጅ ከባድ ደረጃ ይጠይቃል፤ ከሌሎች መስፈርቶች ጋር በቀን ከ10 ሺህ ሰው ቢያንስ 2 መሞት አለበት። ችግሩ ይህ መለኪያ የመከላከያ ጋሻ ሲሆን ነው። ሟቾችን የሚቆጥር ሰው ሊደርስበት ያልቻለ ወረዳ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው ወረዳም «ረሃብ የለበትም» ይባላል።

በሰኔ 2013፣ 350 ሺህ ያህል የትግራይ ነዋሪ በመጨረሻው የረሃብ ደረጃ ላይ እንዳለ በተነገረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በትግራይ ረሃብ እንደሌለ ለቢቢሲ ተናገሩ። በጥር 2016 ደግሞ የራሱ የመንግሥት አካል የሆነው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤት ቀርበው በረሃብ የሞተ ሰው የለም አሉ።

ይህ ክርክር በቀላሉ የማይዘጋበት ምክንያት የሞቱ አካሄድ ነው። በረሃብ ዘመን አብዛኛው ሰው የሚሞተው በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በሳንባ ምች፣ በታይፈስ ነው፤ የተራበ ሰውነት እነዚህን መቋቋም ያቅተዋል። ጤና ጣቢያ ደርሶ የሞተ ሕፃን መዝገቡ ላይ «ተቅማጥ» ተብሎ ይጻፍለታል። ቤቱ የሞተው አይጻፍም።